ሽኝት ሥራ አይደለም ላለን ማኅበር

ለክቡር ዶክተር ሣህለ ማርያም
የቤተ ትምህርት ሥነ ልቦና አማካሪዎች የሙያ ማኅበር ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለማኅበሩ የሥራ አስፈጻሚ አባላት ደግሞ ረጅም ዕድሜና አጭር ስብሰባ እመኛለሁ። ቀጥዬም ቢቸና ውስጥ ባለው ትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ ስም አንድ ከባድ ጉዳይ በይፋ እንዳሳውቅ ይፈቀድልኝ፦ አምና ለምክር ክፍላችን በስጦታ የላካችሁት የፕላስቲክ አበባ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል።

አልጠወለገም። በመስኮቱ በኩል ያለው ጎኑ ትንሽ ከመፍዘዙ በቀር አንድም ቅጠል አልረገፈበትም። በበጋው ሰሞን አንዲት ፍየል በተከፈተ በር ገብታ ልትቀምሰው ሞክራ ነበር፤ ዘበኛችን እንደነገረን ግን ፍየሏ ራሷ አፍራ ወጥታለች። ስለዚህ ስለ አበባው ሐሳብ አይግባችሁ። ስለ ሌላ ሌላው ግን ጥቂት የምለው አለኝ። የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ እንዳልሻማ በቁጥር በቁጥር አድርጌዋለሁ፤ ዕድሜዬን አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ጡረተኛ በመሆኔ ዓረፍተ ነገሬ ቢረዝምብዎ የሙያ በሽታ ነውና ይታገሡኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሰሌዳው ምስጋናችንን እናቀርባለን። ማኅበራችሁ የአማካሪ እጥረት ያለባቸውን ትምህርት ቤቶች ለመደገፍ በነደፈው ዕቅድ መሠረት ከአበባው ጋር አንድ ትልቅ ሰሌዳ ደርሶናል፤ "የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት፦ ችግር ያለብህ ተማሪ ወደዚህ ግባ" ይላል። ቀይ ቀለም ነው። ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሞ ለሚያነበው መነጽር አያስፈልገውም። በዚህ የተነሣ ተማሪ ወደዚያ በር ሁለት እርምጃ ጠጋ ሲል ሜዳው ሙሉ ሕዝብ "ኧረ ገባ! ኧረ ነካው!" ይላል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ "አንቺ፣ ጸበሉ አይቀርብሽም ነበር?" የሚል ወንድም አይጠፋም። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ሳትወጣ ወሬው ገበያ ይደርሳል፤ በርበሬ የምትገዛ እናቷን አንዷ ክንዷን ይዛ "እቴ፣ ልጅሽን ምን አገኘብኝ?" ትላታለች። ሰሌዳውን ወደ ውስጥ አዙረን እንስቀለው ብለን በጠየቅን ጊዜ የማኅበሩን መታያ መሸፈን እንደማይቻል ተነግሮናል። እኛም አልሸፈንነውም። እስከ ዛሬ እንደ ደመቀ ነው፤ የሚነካውም የለም።

ሁለተኛ፣ የባለሙያ እጥረቱን ስለ ፈታችሁበት ጥበብ።

አማካሪያችን ወይዘሪት ዘሚራ ሙሐመድሁሴን ትባላለች። በደብዳቤ ወግ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ በልጄ ዕድሜ ስለሆነችና አንቺ ማለት ስለለመድኩ ክቡርነትዎ ይለፉኝ። የሞጣ ልጅ ናት። አባቷ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የታወቁ ነበሩ፤ እናቷ ወይዘሮ ሳሊሃ ዛሬም ከዚያው ሱቅ አልተነሡም። ልጃቸው ሜትሩን ትታ ሥነ ልቦና ልማር ባለች ጊዜ ወይዘሮ ሳሊሃ "ጨርቅ ተለክቶ ይሸጣል፤ የሰው ሐዘን በምን ተለክቶ ሊሸጥ ነው?" ብለው ሦስት ቀን ኩርፊያ ይዘው እንደነበር ራሷ ዘሚራ እየሳቀች አጫውታናለች።

በአካባቢያችን ሌላ አማካሪ ስላልተገኘ፣ በማኅበራችሁ ምክር፣ ዘሚራ የሳምንቱን መጀመሪያ ለቢቸና፣ መጨረሻውን ለሞጣ እንድታደርግ ተወሰነ። ሚኒባሱ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አልፎ ይሄዳል፤ ያልፋል ሲባል የማያልፍበት ጊዜ ስላለ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ጉንደ ወይን እያደረች እዚያም አከራይ ልታበጅ ምንም አልቀራትም ነበር። የመናኸሪያችን ረዳት "ሞጣ፣ ሞጣ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ሲጮኽ በሰማሁ ቁጥር ሰውየው ስለ ወንበር ሳይሆን ስለ ሙያችሁ የሚያውጅ ይመስለኝ ነበር፤ የቀረችው አንድ ሰው ዘወትር እሷው ነበረቻ።

ይህችን አንድ ሰው ግን ማኅበሩ ያለ ድጋፍ አልተዋትም። "የባለሙያ መዛልን መከላከል" በሚል ርእስ በኢንተርኔት ሥልጠና ሰጥቷታል። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ የሚገኘው ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ስለነበር፣ ዘሚራ ሥልጠናውን የተከታተለችው ስልኳን ወደ ሰማይ እንደ ዘረጋች፣ በነፋስ ላይ ቆማ ነው። አሠልጣኙ ሲደክማችሁ ተቀመጡ አሉ። ከባድ ጉዳይ ሲገጥማችሁ ለቅርብ ባልደረባችሁ አስተላልፉ አሉ። የዘሚራ የቅርብ ባልደረባ ሞጣ ያለችው ዘሚራ ናት። ጨምረውም የበላይ ተከታታይ በሌለበት ቦታ ባለሙያው ራሱን እየተከታተለ ሪፖርት ያድርግ አሉ። ስለዚህ የቢቸናዋ ዘሚራ ለሞጣዋ ዘሚራ ጉዳይ ስታስተላልፍ፣ የሞጣዋ መልሳ ስትልክላት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ተቀምጠው ሲገማገሙ ከረሙ። መጨረሻ ላይ ደረቱ ላይ "ሁልጊዜ ዝግጁ ነኝ" የሚል ቲሸርት ተልኮላታል። ቲሸርቱ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር፤ ታስቦበት መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥናታችሁ። ይህ ትንሽ ይረዝማል።

ዘሚራ ያንን በር የሚያንኳኳ እንደማይኖር በገባት ጊዜ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ክቡርነትዎ ያደጉበትን ካልረሱት እንደሚያውቁት፣ እኛ አገር ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ መምህር ከትምህርት ቤት ሲወጣ ተማሪ ዝም ብሎ አያሳልፈውም። የያዘውን ተቀብሎ እስከ ኪራይ ቤቱ ይሸኘዋል። የተሸኘውም ልጁን ደጅ ላይ አቁሞ በሩን አይዘጋም፤ "ና፣ ትንሽ ልመልስህ" ይላል። ልጁ ደግሞ ከመንገዱ እኩሌታ ሲደርስ "ኧረ ቲቸር፣ እንዲህ ብቻዎትን አይሄዱም" ብሎ እንደ ገና ይመለሳል። ሁለት ሰዎች ሲሸኛኙ አንድ አጭር መንገድ የማያልቅበት ምስጢር ይህ ነው።

ዘሚራ ሥራዋን በዚህ መካከል አስገባችው። ከእህል ተራው በታች ወደ ድልድዩ የሚወርደው የእግር መንገድ ቢሮዋ ሆነ። ለሚያይ ሰው ተማሪ መምህሯን እየሸኘች ነው፤ ነውር የለበት፣ ወሬ የለበት። ፊት ለፊት መተያየት የለም፣ ሁለቱም መንገዱን እያዩ ነው የሚናገሩት፤ ዐይን ዐይን እየታየ የማይወጣ ቃል እንዲህ ሲሆን ይወጣል። የቀለላት ልጅ ከድልድዩ ትመለሳለች፤ የከበዳት ልጅ ሽኝቷ ይረዝማል። ልጆቹ ራሳቸው ደንቡን ሳይነገራቸው አወቁት። "ዛሬ እኔ ነኝ የምሸኛት" "አይ፣ አንተ ትላንት ሸኝተሃል" እያሉ መጣላት እስኪጀምሩ ድረስ። ፍየል ከመጠበቅ በቀር ለማንም ቃል ተናግሮ የማያውቅ የሚመስል ጎረምሳ ሳይቀር ቦርሳዋን ተሸክሞ፣ ሲሄድ አቀርቅሮ ሲመለስ ቀና ብሎ አይቻለሁ።

በዚህ መካከል የማኅበሩ ተወካይ አቶ ውበቴ መጡልን። የመጡበት ዓላማ የተቀደሰ ነው፤ ባለሙያ ጥቂት ስለሆነ ያለውን ፈላጊ ወዳለበት ለመመደብ የአገልግሎት ፍላጎት ሊያጠኑ ነው። ዘሚራ በአክብሮት "ይምጡ፣ አብረን እንውጣ፤ ሥራዬ መንገድ ላይ ነው ያለው" ብላቸው ነበር። እሳቸው ግን አገልግሎት የሚጠናው በአገልግሎት መስጫ ቦታ ነው ብለው፣ ከሰሌዳው ሥር አልፈው ገብተው፣ አበባውን ፊት ለፊታቸው አድርገው ተቀመጡ። ሁለት ለስላሳ ጠጡ። ማንም አልመጣም። ወደ ማምሻው ላይ ዘበኛችን፣ አንድ የተከበረ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻውን መዋሉ ቢያሳዝነው፣ ቆቡን አውልቆ ገባና በቀስታ "ጌታዬ፣ ምን ገጠመዎት?" አላቸው። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ከተሠራ ጀምሮ የተሰጠው ብቸኛው የሥነ ልቦና አገልግሎት ይህ ነው።

አቶ ውበቴ ከዚያ ወደ ሞጣ ተሻገሩ። የሞጣው ትምህርት ቤት የምክር ክፍል አንድ ጸጋ አለው፤ በግቢው ውስጥ በትክክል የሚሠራ የመብራት ሶኬት ያለው እሱ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከጠዋት እስከ ማታ ስልኩን ሊሞላ እዚያ ይጎርፋል፤ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ወለል ላይ ተዘርግቶ፣ እርስ በእርስ እየተገፋ ተራውን ይጠብቃል። አቶ ውበቴ ይህንን ጉድ ሲያዩ ደነገጡ። "ይህ ክፍል ይረዳችኋል?" ብለው ጠየቁ፤ በአንድ ድምፅ "በጣም!" አሏቸው። "ባይኖርስ?" አሉ፤ "ባይኖርማ በምን እንውላለን?" አሏቸው። የዋሸ አልነበረም። የተጠየቁትን ነው የመለሱት፤ ያጠፉት ሳይጠየቁ አለመመለሳቸው ነው።

የጥናታችሁን ማጠቃለያ ክቡርነትዎ ስለ ፈረሙበት አልደግመውም፤ አንባቢ እንዲያውቀው ያህል ብቻ ላስፍረው። በሞጣ ከፍተኛ የአገልግሎት ጥማት ታይቷል። በቢቸና ፈላጊ አልተገኘም፤ ባለሙያዋም በሥራ ሰዓት ከተማሪዎች ጋር በመንገድ ላይ ሲንሸራሸሩ ታይተዋል። "ሽኝት የሙያ አገልግሎት አይደለም።" የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ከባለሙያ ማኅበር ጋር ምን አፍ አለው? ዘሚራን ጠቅልሎ ሞጣ መደባት።

ሞጣ ችግር የለም አላልኩም፤ የሞጣም ልጅ ልጅ ነው፣ ለዚያም ሰው ያስፈልገዋል። ነገር ግን ዘሚራ ዛሬ ያለችው በቻርጀር ገመድ መካከል ነው። አንዲት ልጅ ሆዷ ባብቶ ልትናገር ስትል ከጀርባዋ አንዱ "ቲቸር፣ ያቺን ስልክ ይንቀሉልኝ፣ ሞልታለች" ይላል። ወደ ውጭ ይዛት ትውጣ እንዳይባል፣ መንገድ ላይ መታየት በጽሑፍ ተከልክሏል።

አራተኛ። ይህ ቁጥር ለጊዜው ሰው አልተመደበበትም። እጥረቱ እስኪቃለል ድረስ ሦስተኛውና አምስተኛው ደርበው ይሠሩለታል።

አምስተኛ፣ ስለ አንዲት ተማሪ። ክቡር ሆይ፣ ለዚህኛው የሚሆን ቀልድ ፈልጌ አጣሁ፤ እንዳለ ይቀበሉኝ።

ምሥራቅ የእህቴ የበዛብሽ ልጅ ናት፤ አሥረኛ ክፍል። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሌላ ጊዜ እንደሚያደርገው ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወርድ፣ ያ ቁልቁለት አስቀረው። ልጅቱ በለቅሶው አንድ ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም። ለለቅሶኛው ውኃ ስታቀርብ፣ ብርጭቆ ስትሰበስብ ዋለች። ሴቶቹ "ይቺ ልጅ ድንጋይ ናት እንዴ?" እየተባባሉ ሲንሾካሾኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት መናገር አቆመች። መምህሩ ሲጠራት ትነሣለች፣ ታየዋለች፣ ትቀመጣለች። አንዱ መምህር ንቀት መስሎት አስወጣት። ጸበል ወሰድናት፤ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ "ምንም የለባትም" አሉን፤ ምንም እንደሌላትማ እኛም አይተን ነበር።

ዘሚራ ለቅሶ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ፣ ስትነሣ ለምሥራቅ "ነገ የሚሸኘኝ የለም" ብቻ ብላት ሄደች። በማግሥቱ ምሥራቅ ቦርሳዋን ተቀበለቻት። ከዚያ ወዲያ ዘሚራ ቢቸና በምትሆንባቸው ቀናት ሁሉ ተሸኛኙ፤ ወራት ሙሉ ያለ አንድ ቃል። አንድ ቀን ዘሚራን "ምን እያደረጋችሁ ነው?" ብላት፣ "እየሄድን ነው፣ የኔታ" አለችኝ።

ረመዳን ገባ። ፀሐዩ የሚያቃጥል ሰሞን ነበር። ዳገቱ ላይ ምሥራቅ የውኃ ላስቲኳን አውጥታ ከፈተች፤ ወደ አፏ ስታስጠጋ የመምህሯን ከንፈር አየችና መልሳ ዘጋችው። ዘሚራ "ጠጪ እንጂ፣ የጾምኩት እኔ" አለቻት። ምሥራቅም "ቲቸር፣ በስንት ሰዓት ነው የሚያፈጥሩት?" አለች። ዘሚራ አልጮኸችም፣ አላቀፈቻትም፣ "ተናገርሽ!" አላለቻትም። "ፀሐይ ስትገባ" ብላ መንገዷን ቀጠለች። የዚያን ዕለት ልጅቱ ቤት ገብታ ለእናቷ "ፀሐይ እስክትገባ ውኃ አልጠጣም" አለቻት። በዛብሽ ልጄ ሃይማኖት ልትለውጥ ነው ብላ ትደንግጥ፣ ልጄ ተናገረች ብላ እልል ትበል ግራ ቢገባት እልል አለች፤ ጎረቤት ምን እንደ ተገኘ ሊጠይቅ መጣ።

ቀስ በቀስ የቀረውም ወጣ። ይህን ዘሚራ አልነገረችኝም፤ የሙያዋን ምስጢር ጥርሷን ነክሳ የምትጠብቅ ናት። ልጅቱ ራሷ ናት ለእናቷ የነገረቻት፤ ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቃትም ራሷን በእሺታ ነቅንቃልኛለች። አባቷ በዚያን ዕለት ጠዋት ሲወጣ እንደ ልማዱ "ምሥሬ፣ ነይ እስከ መኪናው ሸኚኝ" ብሏት ነበር። እሷ ከብርድ ልብስ ውስጥ ሆና "ስትመለስ እቀበልሃለሁ" አለችው።

ክቡር ሆይ፣ ሽኝት የሙያ አገልግሎት ነው አይደለም የሚለውን ጉባኤያችሁ በድምፅ ብልጫ ሊወስነው ይችላል፤ እኔ ባለሙያ አይደለሁምና አልከራከርም። እኔ የማውቀው ያቺ ልጅ ያልሸኘችውን ሰው በየቀኑ እየሸኘች፣ የተሸኘ ሰው በማግሥቱ ተመልሶ ሲመጣ በዐይኗ እያየች እንደ ነበረ ብቻ ነው። ዘሚራ ወደ ሞጣ ስትሄድ ሳምንት ቆጥራ ትመጣለች፤ ትመጣለች እንጂ አትቀርም። ልጅቱን ያናገራት ይህ መምጣት ነው። ክፍል ውስጥ ተነሥታ መመለስ ጀምራ ነበር። የታሪክ መምህሯ አንድ ጊዜ "አሁንስ አፍሽን ያዢልን" ብሏት ቤታችን በዓል ሆኖ ነበር።

ጥናታችሁ ጸደቀ። ዘሚራ ጠቅልላ በምትሄድበት ቀን ልጆቹ ሁሉ ሊሸኟት ወጡ፤ ሻንጣውን ግን ምሥራቅ ለማንም አልሰጠችም። መናኸሪያ ሲደርሱ ረዳቱ ያንኑ ጩኸቱን ይጮኻል። ዘሚራ የሚኒባሱ በር ላይ ቆማ፣ ሌላ ጊዜ የምትለውን "ነይ ትንሽ ልመልስሽ" የሚለውን ልትል ጀመረችና አቆመችው። "አሁን ሂጂ፣ እመቤቴ። ዛሬ ልመልስሽ አልችልም" አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ምሥራቅ ጥቂት ቀን ክፍል ገባች፤ ስትጠራ ተነሣች፣ አየች፣ ተቀመጠች። አሁን ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ተቀምጣለች። እናቷ ቀኑን ገበያ ላይ ናት፤ እኔም ከሰዓት በኋላ የሰው ጠብ ሳስታርቅ ስለምውል ከቤት ጥለናት ነው የምንወጣው። ማታ ስንገባ ራት ሠርታ እናገኛለን። ትበሉ እንኳ አትለንም፤ ታቀርባለች።

ዘሚራን በተመለከተም የምሥራች አለኝ፦ የባለሙያ እጥረታችሁ በቅርቡ ይሟላል፤ እሷም ስትወጣ እጥረቱ ሙሉ ይሆናል ማለቴ ነው። የሥራ መልቀቂያ አስገብታለች፤ መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ ይጸድቃል። እናቷ ይህን ሲመኙ የኖሩ ሴት ስለሆኑ ደስ ይላቸዋል ብዬ ደወልኩላቸው። ወይዘሮ ሳሊሃ ግን "መምህር፣ እሑድ እሑድ ሱቅ ታግዘኛለች። ደንበኛ ገዝቶ ሲወጣ ተከትላ እስከ አስፋልቱ ትሸኛለች፤ ሰዉ ሒሳብ ያጎደለ መስሎት ይደነግጣል። ልጄን ምን አድርገዋት ነው?" አሉኝ። ጥያቄያቸውን ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ፤ ከባድ ጉዳይ ሲገጥማችሁ አስተላልፉ ተብለን ሠልጥነናልና።

እንግዲህ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። ሁለት አማካሪ ላኩልን አላልንም፤ አገሩ ሁሉ እንደ ጎደለበት እናውቃለን። አንድ ሙሉ ሰውም አልጠየቅንም። የነበረችንን ግማሽ ሰው መልሱልን። መንፈቀ ዓመቱ ከማለቁ በፊት ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ "በቢቸና ፈላጊ አልተገኘም ያልነው ተሳስተን ነው" የሚል አንድ መስመር ጻፉለት፤ ዓረፍተ ነገሩ ከከበዳችሁ እኔ አርሜ እሰጣችኋለሁ፣ ሙያዬ ነው። ለዘሚራም ደውሉላት። ስለ ባለሙያ እጥረት ያዘጋጃችኋቸውን ዐውደ ጥናቶች ቁጥር እሷ ታውቀዋለች፤ ከእናንተ መካከል ግን አንድም ሰው ደውሎ "እንዴት ነሽ?" ብሏት አያውቅም። ሰው የሰውን ልጅ ጭንቀት ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ሲገባ እሱንም ትንሽ የሚመልሰው ይፈልጋል። ማኅበር የተባለ ነገር የተፈጠረው ለዚህ ይመስለኝ ነበር።

የማኅበሩን ዕድሜ ከአባላቱ ዕድሜ በላይ ያርዝመው፤ በሮቻችሁ ሰፊ፣ ሰሌዳዎቻችሁ ደማቅ፣ አበቦቻችሁ የማይጠወልጉ ይሁኑ እያልኩ፣ ለተደረገልን ድጋፍ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ፤ ቀና ስል ወገቤን ቢያመኝም የሚመለከተው ባለሙያ ሞጣ ስለሆነ እታገሣለሁ።

ከፍ ባለ አክብሮት፣

ቢሆነኝ የሺጥላ
የቀድሞ የአማርኛ መምህር፣ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቢቸና

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሳሊሃ፣ ሞጣ፣ ከሱቃቸው
ለቢቸናው የምክር ክፍል፣ የሚቀበል ስለሌለ በበሩ ሥር

ድኅረ ጽሑፍ፦ አቶ ውበቴ ጥናታቸውን ጨርሰው ከቢቸና ሲነሡ ዘበኛችን ቦርሳቸውን ተሸክሞ እስከ መኪናቸው ድረስ አብሯቸው ሄዷል። መኪናው እስኪሰወርም እጁን እያውለበለበ ቆሟል። በሪፖርቱ ላይ ስላልተጠቀሰ፣ አገልግሎት ስላልሆነ ነው ብለን ዝም ብለናል።

እርማት፦ ይህን ደብዳቤ ለማስተየብ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው የኮምፒውተር ቤት ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሄድኩበት ወቅት በዐይኔ ካየሁትና የምትተይብልኝ ልጅ "ይህማ የየቀኑ ነው" ብላ ካረጋገጠችልኝ በመነሣት፣ በአምስተኛው ነጥብ ሥር "ምሥራቅ ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ተቀምጣለች" ተብሎ የተገለጸው "ምሥራቅ በየቀኑ በመለቀቂያ ሰዓት እየመጣች፣ መምህራን በሚወጡበት በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች" ተብሎ እንዲነበብ በአክብሮት እናሳስባለን።